የእየሩስ ምራቅ

ወንድሜ ጋረደው፣ የባንቺአየሁ ልጅ ሳምሪ ድናለች። ድናም አልቀረች፣ ተድራለች። ይህን ከሰላምታው ያስቀደምሁት ወረቀቱን ስትከፍት ዓይንህ መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ባለፈው በመተማ በኩል በሚመላለሰው ሹፌር አፍ የላክሁብህ ወሬ ክፉ ነበር፤ «ጎረቤታችንን ሳምሪን ሠርጓ ደጅ ላይ ሲደርስ ቡዳ በላት፣ መትረፏንም እንጃ» ነበር ያልሁህ። አሁን እናቷ ባንቺአየሁም ደህና ናት፣ ያ ከፍ ብሎባት የነበረው ደሟ ወርዶላታል። አባቷም ለሠርጉ፣ ፋው ከሚባለው አገር ካለው እርሻ እንደመጣ አልተመለሰም፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ የመጣውን ሁሉ እየሳመ ይውላል።

እንግዲህ አሁን ሰላምታዬን ተቀበል። እንዴት ነህልኝ? የደባርቅ ውርጭ እንዴት አደረገህ? ያ የሚያንገላታህ ሳል ተወህ ወይስ ዛሬም ጋቢ ተከናንበህ ነው የምታስተምረው? እማምዬስ ጉልበቷ እንዴት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች? ሚስትህ ወለተ ማርያም በሰላም ተገላገለች ወይ? ደብዳቤህ ላይ «ወሯ ገብቷል» ብለህ ዝም አልህ፤ ሰው እህቱን እንዲህ አንጠልጥሎ ይተዋል? እኛ ደህና ነን። የገዳሪፍ ሙቀት ከወዲሁ ጀምሮናል፤ ላቤ ቀለሙን እንዳያበላሸው ከክንዴ ሥር ፎጣ አንጥፌ ነው የምጽፍልህ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ቁጣህ ከመስመሩ መሐል ይሰማል። «እትዬ በለጡ፣ አስማትም ቡዳም የሚባል ነገር የለም፣ ገና ያልተጠና ነገር ነው እንጂ። ሳይንስ የማይደርስበት የለም። የሆነውን ሁሉ ሳታስቀሪ ጻፊልኝ» ብለሃል። እሺ፣ ሳላስቀር ልጻፍልህ፣ ከዚያ አንተው ፍረድ። ለእማምዬ ስታነብላት ግን ጭሱ ጋ ስትደርስ ቀስ በል፣ ልቧን ይይዛታል።

የምንኖርበትን ሖሽ ታውቀዋለህ፤ ያ አንተ ስትመጣ ፍየሎቹ ጫማህን የበሉብህ ግቢ ነው። ባለቤቷ ራሒማ ዛሬም አለች፣ ሱዳናዊት ብትሆንም ከእኛ ጋር ስትኖር «ውይ» ማለት ለምዳለች። በአንዱ ክፍል እኛ፣ በአንዱ ባንቺአየሁ፣ በዳር በኩል ባለችው ጠባብ ክፍል ደግሞ እየሩስ የምትባል ሴት አለች። እሷን አታውቃትም፣ አንተ ከሄድህ በኋላ ነው የገባችው። ጭልጋ ተወልዳ ያደገች፣ ባሏ ሞቶባት አንዲት ሴት ልጇን ይዛ የመጣች ናት። ሱቅ ከሚሉት ገበያ መሐል ካለ የሴቶች ፀጉር ቤት ትጠርጋለች፣ ፎጣ ታጥባለች፤ በገበያ ቀን ደግሞ ሳሙናና ልባሽ ጨርቅ ይዛ ዶካ የምትባል ከተማ ትሄዳለች። እንዲህ ያለች ቀልደኛ ሴት አላየሁም።

ጥፋቷ አንድ ነው፤ አባቷ ቀጥቃጭ ነበሩ። የአገራችንን ነገር መቼም አልነግርህም። ማረሻውን ተቀብለን እናርስበታለን፣ የሠራውን ሰው ግን ዓይኑን እንፈራዋለን። ድንበሩን ስንሻገር ስንቱን ዕቃ በየጫካው ጥለን መጣን፣ ይህ ግን ማን እንደተሸከመው ሳይታወቅ አብሮን ተሻግሯል። በግቢያችን እየሩስ ስታልፍ ድስቱን የሚከድን ሰው ነበር። እሷም ታውቃለች። «ክደኑት እቴ፣ ዝንብ እንዳይገባበት» ትልና እየሳቀች ታልፋለች። ሕፃን ካየች ሳይሏት «እንትፍ፣ እንትፍ» ትላለች፣ እናቲቱ እንዳትሳቀቅ ብላ። ሱዳኖቹም የራሳቸው አላቸው፤ ሰው የሚበላውን «ሳሓር» ይሉታልና ራሒማም ነገሩ አልከበዳትም።

ሳምሪ ለቴዎ ታጨች። ቴዎ ከሎሪ መናኸሪያው ጎማ የሚያድስ ጨዋ ልጅ ነው። እናቲቱ እንሶስላ ከጎንደር ድረስ አስመጣች፤ እጇንና እግሯን እንደ አገራችን ሙሽራ ሊያሞቁላት። ልጅቱ ግን እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት፣ ግማሽ ቃሏ ዐረብኛ ነው። «እማዬ፣ እንሶስላ ቀይ ነው፤ እኔ ጥቁር ነው የምፈልገው፣ ዘይ አል-ዐሩሳት፣ እንደ ሙሽሮቹ» ብላ አለቀሰች። በመጨረሻ በሱዳን ሒና ተስማሙ፤ ሒናው ግን እንዲሁ ሒና ብቻ እንዲሆን። ከሠርጉ በፊት ባለው ምሽት ጓደኞቿ መጥተው ቀቧት፣ እጇንም በፌስታልና በጨርቅ ጠቅልለው አስረው ሄዱ። እንደዚያ ታስሮ ነው የሚያድረው፤ የሙሽራ ሒና ጠዋት በሴቶች እልልታ ካልሆነ አይፈታም፣ ቀድሞ ከተፈታ ገድ የለውም ይባላል።

ጎሕ ሲቀድ የባንቺአየሁ ጩኸት ቀሰቀሰን። ገብቼ አየኋት፤ ጋረደው፣ ሳምሪን አላወቅኋትም። ፊቷ እንደ ቡኮ ተነፍቷል፣ ዓይኖቿ ጠፍተዋል፣ ከንፈሯ ተገልብጧል፣ ትንፋሿ እንደ ወናፍ ያፏጫል። ማታ ስትስቅ የተውናት ልጅ! ሰው ተሰበሰበ። ሐኪም ቤት የሚል አንድ አልነበረም፣ እኔንም ጨምሮ። እንዲህ በአንድ ሌሊት ሙሽራን የሚያሳብጥ በሽታ ማን ያውቃል? ሁሉም የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር።

ባንታምላክን ጠሩት። ሰሊጥ ለማጨድ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው፤ በልጅነቱ ቆሎ ተማሪ ስለነበር ሰው «መሪጌታ» ይለዋል፣ እሱም አይደለሁም አይልም። ገል ላይ ፍም አድርጎ ያረጀ ጨርቅ፣ የፍየል ሸሆናና ነጭ ሽንኩርት ጨመረበት። ሳምሪን በነጠላ ሸፍነው ጭሱን ከሥሯ አስገቡላት። «ማነህ? ከየት አገኘሃት? እንዴት እንደበላሃት ተናገር!» ይላል። ልጅቱ ትስላለች፣ ትታገላለች። አራት ሴቶች ይዘናታል፣ እኔ እግሯን። በመጨረሻ ከዚያ ካበጠ አፍ አንድ ቃል ወጣ። «እየሩስ» አለች። ደገመችው። «እየሩስ… እየሩስ…»

«ለፈለፈች!» አለ ባንታምላክ። ወደ እየሩስ ክፍል ቢሮጡ በሩ ተቆልፏል። የዶካ ገበያ ቀን ነበርና በማለዳ ወጥታለች። «ሸሸች!» ተባለ። ባንቺአየሁ እግሬ ላይ ወደቀች። «አንቺ መናኸሪያውን ታውቂዋለሽ፣ ሳትሄድ አምጪልኝ፤ ትትፋባትና ልጄን ትልቀቅልኝ» አለችኝ። ይህን ወግ አትረሳውም፤ የበላው ሰው ራሱ ካልተፋበት የተበላው አይለቀቅም ይባላል።

አንድ ነገር ግን ከንክኖኝ ነበር። ልጅ ሳለን ቡዳ የያዘው ሰው አይተናል፤ ይስቃል፣ ይፎክራል፣ «በላሁት!» እያለ ይኮራል። ሳምሪ ግን ታለቅስ ነበር። የእየሩስን ስም ስትጠራ ፊቷን ወደ በሩ ታዞራለች፣ የታሰረ እጇን ታነሣለች። ይህ እንዴት ያለ ቡዳ ነው እያልሁ ሮጥሁ።

እኔ ከመናኸሪያው ሻይና ለጊማት የሚሉትን የተጠበሰ ሊጥ ስለምሸጥ ረዳቶቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ። የዶካው አውቶቡስ ሊነሣ ሲል ደረስሁ። እየሩስ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ ዳቦ ትገምጣለች። «በለጤ! ለስንቅ ለጊማት አመጣሽልኝ?» አለች። እያለከለክሁ ነገርኋት፤ ሳምሪ ታማለች፣ በልታታለች ብለውሻል፣ መጥተሽ ትፊባት አልኋት። ሳቀች፤ መቼም ለምዳዋለች። ወዲያው ግን ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። «ፊቷ አብጧል?» አለችኝ። አዎ። «ትንፋሿስ?» ያፏጫል። «እጇን ፈትታችኋል?» ኧረ እንዴት ተደርጎ፣ ገና እልልታ ሳይባል! ይህን ስላት ጥቅልሏን ትታ በሰው ላይ ተረማምዳ ወረደች። የዕቃውን ነገር ብላት «ይሂድ፣ ዶካን ያልብሳት» አለችና ቀድማኝ ሮጠች።

በር ላይ ስንደርስ ባንታምላክና ወንዶቹ ቆመው ጠበቁን። «ልጅቷን ለሐኪም ቤት አንሡልኝ!» አለች እየሩስ። «መጀመሪያ እንትፍ በይባት! ሳትተፊ አትነኪያትም» አሏት። ያን ጊዜ ፊቷን አይቼዋለሁ፤ እስክሞት አልረሳውም። ካልተፋች ልጅቱ ትሞታለች፣ ሞቷም በእሷ ስም ይጻፋል። ከተፋች ደግሞ «ይኸው፣ አመነች» ተብሎ እስከ ልጅ ልጇ የሚቀር ስም ነው። ልጇ ከእኔ ልጆች ጋር በሩ ሥር ቆማ እናቷን ታያለች። እየሩስ ጎንበስ ብላ ገባችና የሳምሪን ግንባር እንትፍ አለችበት። ከዚያ ቀና ብላ፣ «በልቻታለሁ በሉኝ፤ አሁን ከበሩ ዞር በሉ» አለች።

ወዲያው የሳምሪ እጅ የታሰረበትን ጨርቅ በጥርሷ ቀደደችው። ፌስታሉ ሲወልቅ እጅ እንዳይመስልህ፤ እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ ቆዳው ውሃ ቋጥሮ። «ያንን ድንጋይ ጨምረሽበታል አይደል? አንቺ ልጅ፣ ነግሬሽ አልነበረም?» አለቻት። ዚር ከሚሉት እንስራ ውሃ እየቀዳን አፈሰስንባት። የራሒማ ልጅ ቦክስ የሚሏትን ፒክአፕ መኪናውን አስነሣና ሳምሪን፣ እናቷን፣ እየሩስንና እኔን ይዞ በረረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሴቶች ሒናው እንዲጠቁር የሚጨምሩት የፀጉር ማጥቆሪያ አለ፤ እንደ ድንጋይ የጠጠረ፣ ተፈጭቶ የሚበጠበጥ። ሳምሪ እናቷን ደብቃ ገዝታ ስትፈጨው እየሩስ ደርሳባት ነበር። «እኛ ጸጉር ቤት ይህን በጓንት ነው የሚነኩት፣ ተይው» ብትላት «የሱዳን ሴት ሁሉ ይቀባዋል፣ ለእማዬ እንዳትነግሪብኝ» አለቻት። እየሩስም ልጅቱ የተወችው መስሏት ሄደች።

ሐኪሙ ሁዜይፋ የሚባል ወጣት ዶክተር ነው። ገና እጇን ሲያይ ገባው፤ ሌሎችም ሙሽሮች እንደዚህ ሆነው አይቷል። መርፌ በመርፌ ላይ ወጋት፣ አየር ሰጣት፣ ጉሮሮዋን ለመብሳት ሁሉ ተዘጋጅቶ ነበር፣ እግዜር ይመስገን አላስፈለገም። የጭሱን ነገር ስንነግረው ተቆጣ። «የጠበበ ጉሮሮ ላይ ጭስ! ጥቂት ብትቆዩ ሬሳ ነበር የምታመጡልኝ» አለን። እኔ እግር ይዤ እንደነበር አልነገርሁትም፣ ለአንተ ግን ይኸው ነገርሁህ።

ባንቺአየሁ ትንሽ ነፍሷ መለስ ሲልላት ሐኪሙን ያዘችው። እኔ ነኝ የማስተረጉመው። «ድንጋዩን የሚቀባው ሰው ስንት ነው? የራሒማ ልጆች ተቀብተው ምን ሆኑ? ለምን የእኔዋ ብቻ?» አለችው። እሱም አምና በጓደኛዋ ሠርግ ጥቂት ተቀብታ እጇን አሳክኳት እንደነበር ከልጅቱ በምልክት ጠይቆ ተረዳ። «የአንዳንድ ሰው ገላ ቂም ይይዛል» አላት፣ «መጀመሪያ ያሳክካል፤ ሁለተኛ ሲነኩት ያን ያስታውስና ይነሣል።» ባንቺአየሁ ከዚህ ሁሉ የያዘችው አንዲቷን ቃል ነው። «አላልኋችሁም? ቂም አለ!» ብላ ፊቷን ከእየሩስ አዞረች።

እኔም ዶክተሩን ለብቻው አግኝቼ አንተን ወክዬ ጠየቅሁት፤ «ቡዳ፣ ሳሓር የምትሉት፣ አለ ወይስ የለም?» አልሁት። ሳቀ። «ያሲቲ፣ እመቤቴ፣ አያቴ አዲስ ልብስ ለብሼ ስወጣ ጭስ ታዞርብኝ ነበር። እኔ የማውቀው ያበጠውን ጉሮሮ ማጉደል ነው፤ የሚፈራውን ልብ የምወጋበት መርፌ ግን አላስተማሩኝም» አለ። ከዚያ ማን እንዳመጣት ጠየቀኝ፣ ነገርሁት። ተነሥቶ ሄዶ የእየሩስን እጅ ጨበጠ።

ሳምሪ እብጠቱ ቀን በቀን ጎደለላት፤ ድምፅ ግን አልነበራትም። ግቢያችን ውስጥ ደግሞ ሌላ በሽታ ጀመረ። ስለ ድንጋዩ የተናገርሁትን ማን ይስማኝ? «ድንጋዩስ ይሁን፤ ግን ስትተፋባት አላየንም? ከተፋችባት በኋላ አይደለም የተሻላት?» ይሉኛል። ባንታምላክ በየቤቱ እየዞረ «እኔ አስለፈለፍሁ፣ እሷ ተፋች፣ ሐኪሙ ጨረሰ» ይላል። እውነቱን ልንገርህ፣ በቅደም ተከተሉ ሐሰት የለበትም! የእየሩስን ልጅ ልጆቹ አናጫውትም አሏት። ድስት መክደኑ ቀርቶ በር መዝጋት ሆነ። ከዚያ ራሒማ ወደ እየሩስ ሄደች። «እኔ ምንም ክፉ አላየሁብሽም» አለቻት፣ «ግን የልጅ ልጆች አሉኝ። ወሩ ሲያልቅ ሌላ ቤት ፈልጊ፣ መዓሌሽ።» በዐረብኛ «ይቅርታ» ማለቷ ነው። እየሩስ የዚያን ቀን አልቀለደችም። ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ የልጇን ጸጉር ስትሠራ፣ ስትፈታ፣ እንደገና ስትሠራ ዋለች።

ያን ሰሞን ስለ አንተ ማግኔት አሰብሁ። ከኮሌጅ ለዕረፍት ስትመጣ ያመጣኸውን ታስታውሰዋለህ? መርፌዋን የደብተር ልባስ ላይ አስቀምጠህ ከሥር ማግኔቱን ስትነዳ፣ መርፌዋ እንደ ጉንዳን ስትሄድ፣ እማምዬ አማተበች። «አስማት አይደለም፣ ማግኔት ነው» አልሃት። «እጅ የለው፣ በምኑ ነው የሚጎትታት?» ስትልህ «ኃይል አለው» አልሃት። «እኔስ ምን አልሁ? ኃይል አለው ነው ያልሁት» ብላ መርፌዋን ቀማችህ። ስቀን ሞትን። አሁን ግን ሳስበው አንተና እማምዬ የተለያያችሁት በስሙ አልነበረም። አንተ ማግኔቱን ገልብጠህ አሳየሃት፣ እሷም እንድትነካው ሰጠሃት። ባንታምላክ ምኑን ገልብጦ ያሳየናል?

ወደ ነገሬ ልመለስ። የሳምሪ ድምፅ የተመለሰ ዕለት የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሊጠይቋት ክፍሉን ሞልተውት ነበር። ራሒማም «ከፋራ» እያለች ገብታ ተቀምጣለች፤ እዚህ በሽተኛ ሲጠየቅ የሚባለው እሱ ነው። ልጅቱ ሻካራ በሆነች ድምፅ መጀመሪያ ያለችው ያንኑ ነው። «እየሩስ የት አለች?» ሁሉም ተያየ። ባንቺአየሁ «ምን አደረገችሽ ልጄ?» አለቻት። «ምን ታደርገኛለች?» አለች ሳምሪ። «ያን ጊዜ የጠራኋት እኮ ምን እንደተቀባሁ የምታውቀው እሷ ብቻ ስለሆነች ነው። እጄን ፍቱልኝ ማለት አቃተኝ። እሷ ብትመጣ ትነግርልኛለች ብዬ ነው። እናንተ ጭስ ታመጡብኛላችሁ!» ከዚያ በዐረብኛ ለራሒማ ደገመችላት። ጋረደው፣ ያን ጊዜ ከደረቴ ላይ የወረደልኝን ሸክም በምን ልመስልልህ? አጨዳ ላይ የዋለ ሰው ወገቡን ሲያቀና እንደሚሰማው ነው።

በነጋታው ባንቺአየሁ በአገራችን ወግ አንገቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ የእየሩስ ደጃፍ ተንበረከከች። በጥድፊያዋ ያነሣችው ድንጋይ ግን ራሒማ የግቢውን በር የምታስደግፍበትን ነው። በሩ ተበርግዶ ፍየሎቹ በሙሉ ወደ መንገድ ወጡ። እየሩስ ወጥታ አየቻት፣ በሩንም አየችው። «አውርጂው እባክሽ እትዬ ባንቺ» አለቻት፣ «ድንጋይ በዚህ ቤት ያደረሰው ይበቃል። ደግሞ የራሒማ ፍየሎች ሱቅ ሊደርሱ ነው።» ሁለቱም ሳቁ፣ ከዚያ ተላቀሱ። እየሩስ ግን እንዲሁ አልለቀቀቻትም። «ይቅር ብዬሻለሁ» አለቻት። «ግን በጓዳ የበደለ ነው በጓዳ የሚታረቅ። እናንተ በሰው ፊት ነው ያስተፋችሁኝ። ለእኔስ ይሁን፣ ልጄ አይታለች።»

ሠርጉ ከቅበላው በፊት ባለው እሑድ ሆነ። ሒና የለም፤ ያ ከጎንደር የመጣው እንሶስላ ወጣ። ባንቺአየሁ በሰው ሁሉ ፊት ሳህኑን አንሥታ ለእየሩስ ሰጠቻት። የሙሽራዋን እግር ያሞቀች እየሩስ ናት፤ እጇ ገና ቁስል ስለሆነ አልተነካም። ምግብ ሲቀርብ ደግሞ ባንቺአየሁ ተነሣችና፣ «የልጄን የመጀመሪያ ጉርሻ እህቴ እየሩስ ታጉርስልኝ» አለች። የስንቱ ዓይን እንደተተከለ አትጠይቀኝ። ድስት ሲከደንባት የኖረች ሴት ሙሽራ ልታጎርስ! እየሩስ ጠቅልላ አነሣች። ሳምሪ አፏን እስከ ጆሮዋ ከፍታ ጎረሰችና፣ «ሌላ» አለች። እልልታው ያን ጊዜ ነው የፈነዳው። ራሒማ ትንሹን የልጅ ልጇን አቅፋ መጣችና እየሩስ ጭን ላይ አስቀምጣው ሄደች። ስለ ቤት ኪራይ ከዚያ ወዲህ ያነሣ የለም።

እንግዲህ አንተ መምህር ነህ፣ ይህን ፍታልኝ። ሐኪሙ «ምን ነካት?» ብሎ ጠየቀ፣ ባንታምላክ «ማን ነካት?» ብሎ ጠየቀ። ምን ያለው እጇን አየ፣ ማን ያለው የጎረቤት በር አንኳኳ። ለእኔ በአንተ ሳይንስና በዚያኛው መሐል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ ከእንግዲህ ለታመመ ሰው ስጠራ መጀመሪያ «ምን» እላለሁ። እስከዚህ ድረስ አንተ ረትተሃል። ግን መልሱ ያለው በዚያው በተንኳኳው በር ውስጥ ነበር። ትትፋባት ባይባል እየሩስን ከአውቶቡስ ማን ያወርዳት ነበር? ቡዳ ፈልገን ሄደን መድኃኒት ይዘን ተመለስን። ይህን ዕድል ነው ትለኛለህ፤ እማምዬ የእግዜር ሥራ ነው ትላለች፤ ባንታምላክ የእኔ ነው ይላል። እኔ ልጅቱ ተንፍሳልኛለችና ለሁላችሁም እሺ ብያለሁ።

ለእማምዬ፣ ጉልበትሽን ሳምልኝ ብላለች በላት። ወለተ ማርያምን ስለ ቁንጅናዋ ሳይሆን ስለ ትዕግሥቷ ሰላም በላት፤ የተወለደውንም ከነስሙ ጻፍልኝ። የልጅህን የስማቸውን ጉንጭ ንከስልኝ፣ ትምህርቱን እንዳይተው። ከላይ ቤት ላሉት ለአጎቴም ሰላምታዬን አድርስ። ባለቤቴ መንግስቱና ልጆቼ እጅ ይነሣሉ፤ ሳምሪና ቴዎም እንደዚሁ።

ይህን አጥፌ ላሽገው ስል ደግሞ ሰው መጣ። መጀመሪያ ባንታምላክ ነው፣ ጉንጩን በሻሽ አስሮ። ወደ እኔ መስሎኝ ነበር፤ አልፎኝ እየሩስ በር ላይ ቆመና ጉሮሮውን ጠራረገ። ጥርሱ ሦስት ቀን አላስተኛውም፤ «አንድ ጊዜ እንትፍ በይልኝ» አላት። እኔ ሳቄን ነጠላዬ ውስጥ ደበቅሁት። እሷ ግን ኮስተር ብላ፣ «መሪጌታ፣ ጥርስ ነቃዩ ከሱቁ ጀርባ ነው። ምራቄ ሐኪም ቤት ደርሶ ለመጣ ሰው ብቻ ነው» አለችው። እሱም እሺ ብሎ ሄደ። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ ለወንድሜ፣ የሳይንስ መምህር ነው፣ ምራቅሽን ፍታልኝ ብዬው ነው አልኋት። ሳቀች፣ ያን የድሮ ሳቋን። «ለጋረደው እንዲህ ብለሽ ጻፊለት» አለችኝ፤ «ለምርመራ ካስፈለገው በጠርሙስ እልክለታለሁ፣ ደባርቅ ደርሶ እንዳይቀዘቅዝ ብቻ በጋቢው ይጠቅልለው።»

እህትህ በለጡ
ገዳሪፍ፣ የካቲት 21 ቀን 1995 ዓ.ም.